የብራና ጸሓፊው ልጅ

ሐረር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያለች የጥንት ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ጁገል ይባላል፤ ዙሪያውንም በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አሚር ኑር ናቸው። ግንቡ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች ነበሩት፤ ስማቸውም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ነው። በኋላ ዘመን መኪና የሚያስገባ ስድስተኛ በር ተከፈተ።

ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ገበሬዎች ከየቀበሌው ማሽላና ቡና፣ ማገዶና አትክልት በአህያ ጭነው በእነዚህ በሮች ይገባሉ። ከከተማው ውጭ ያለው አገር ተራራና ሸለቆ ነው። ዝናም በዘነመ ጊዜ ምድሪቱ አረንጓዴ ትለብሳለች፤ በበጋ ደግሞ ቀይ አፈርዋ ይታያል። በከተማው ውስጥ መንገዱ ጠባብና ጠማማ ነው፤ ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ በኖራ ነጭ፣ አንዳንድ ጊዜም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ወይም ቢጫ ተቀብቶ ይታያል። የከተማው ሴቶች ልብስ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊና ቀይ ነው። ስለዚህ በሐረር የተወለደ ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ቀለም ይቈጥራል ቢባል ውሸት አይሆንም።

የሐረሬዎች ቤት ውስጡ ደግሞ ከውጭው ይልቅ ያማረ ነው። በዋናው ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ቤተ ሰቡና እንግዳው እንደየማዕርጉ በየመደቡ ይቀመጣል። በግድግዳው ላይ ሴቶች የሠሩት ስፌት ተሰቅሎ ይታያል። ሐረሬዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። ልጃገረዶች በአንድነት ተቀምጠው በወስፌ እየወጉ፣ በስንደዶ እየሰፉ፣ በቀለም በተነከረ አለላ እያስጌጡ ይሠሩታል። በስፌቱ ላይ የሚታየው ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ክብና ጥምዝ መሥመር ነው። ሰው የለበትም፤ እንስሳም የለበትም። ሆኖም ወደዚያ ቤት የገባ እንግዳ፣ ይህ ምንድር ነው፣ የማንስ መልክ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አይቶ ደስ ይለዋል እንጂ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ሐረር በእስልምና ሃይማኖት የከበረች ከተማ ናት። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች ይቈጠራሉ፤ ከነዚህም ሦስቱ በ10ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህና ስለ ሌላው ቅርስዋ በ2006 ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገበች። (በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) የሐረር ሊቃውንት ቅዱስ ቍርዓንን በእጃቸው እየጻፉ ዳርና ዳሩን በአበባና በመሥመር ያስጌጡ ነበር፤ በቆዳም ይደጕሱት ነበር። በ1887 ንጉሥ ምኒልክ ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ልዑል ራስ መኰንን ገዥ ሆነው ተሾሙ። ያን ጊዜ ካህናትና ደብተሮች ከሸዋና ከሌላም አገር መጡ፤ በፈረስ መጋላ አደባባይም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። እንግዲህ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ጸሓፊዎች ተገኙ፤ አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ በግዕዝ ይጽፋል። ሁለቱም መጽሐፍን እጅግ ያከብራሉ።

በግዕዝ ከሚጽፉት አንዱ አለቃ ደስታ ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው ካህን ነበሩ፤ ብራናም ይጽፉ፣ የጻፉትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በ1932 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ስሙንም ገብረ ክርስቶስ አሉት፤ ትርጓሜውም የክርስቶስ አገልጋይ ማለት ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ታላላቆቹ እኅቶቹና ወንድሞቹ ከአባቱ ጋር አሳደጉት።

የዛሬ ተማሪ ወረቀት ሲያልቅበት ሱቅ ሄዶ ይገዛል። የብራና ጸሓፊ ግን ወረቀቱን የሚያገኘው ከፍየል ወይም ከበግ ጀርባ ነው። ቆዳው በውኃ ውስጥ ብዙ ቀን ይዘፈዘፋል። ከዚያ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፤ ጠጕሩ ይላጫል፤ ፊቱም በሻካራ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ከደረቀ በኋላ በልክ ይቈረጣል። ጸሓፊውም በወስፌ ጫፍ መሥመር ያሰምርበታል፤ ቀለም የሌለው፣ በጣት ሲዳስሱት ብቻ የሚታወቅ መሥመር ነው። ጥቍሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቈላ እህልና ከሙጫ ተቀምሞ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ካልሰነበተ አይጠቍርም። ቀዩ ቀለም ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም የተጠበቀ ነው። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ብዙ ወራት ይሄዳል። ጸሓፊው በጕልበቱ ላይ ብራናውን አድርጎ ጎንበስ እንዳለ ይውላል፤ የተሳሳተ እንደ ሆነም ቀለሙን በስለት ፍቆ እንደ ገና ይጽፋል።

ሥዕሉም እንደ ጽሕፈቱ ሥርዓት አለው። ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊቱን ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል። ክፉ ሰው፣ ወይም ሰይጣን፣ በአንድ ወገን ብቻ ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የመስቀሉ ሥዕል ሲሣል እመቤታችን በቀኝ፣ ዮሐንስ በግራ ይቆማሉ፤ ከላይ ፀሐይና ጨረቃ፣ ከመስቀሉም በታች የአዳም ራስ ቅል አለ። ልጅ ከአባቱ፣ ደቀ መዝሙርም ከመምህሩ ይህን ሥርዓት ይቀበላል፤ እንደ ተቀበለውም ያስተላልፈዋል። በብራናው ራስ ላይ ደግሞ ሐረግ የሚባል ጌጥ ይሣላል። ሐረግ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም እየተጠላለፈ የሚሄድ መሥመር ነው፤ የምዕራፍ መጀመሪያ መሆኑን ያስታውቃል። የሰው መልክ የለበትም። እርሱም እንደ ሐረሬዎች ስፌት ያለ መልክ ያማረ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ይህን ሁሉ በአባቱ ቤት ውስጥ እያየ አደገ። ቀለም ሲቀመም ያይ ነበር፤ ሥዕልም ሲሣል አጠገብ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ዘመኑ ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። በመጋቢት 1936 የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ፤ ከተማይቱም እስከ 1941 በጠላት እጅ ነበረች። ጠላት ሲወጣ ገብረ ክርስቶስ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የእርሻ ትምህርት ጀመረ። ይህ ለማንም ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን አገሪቱ የእርሻ ዐዋቂ ትፈልግ ነበር፤ እንጀራውም የተረጋገጠ ነበር። እርሱ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያን ትምህርት ተወ። ልቡ ወደ ሥዕል አዘነበለ። (ትምህርት የሚሰለቸው ልጅ ይህን አንብቦ ደስ እንዳይለው፤ ገብረ ክርስቶስ የተወው ቀላሉን መንገድ ለመያዝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው ከእርሻ የቀለለ እንዳልነበረ ከዚህ በታች ይታያል።)

በ1957 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ኮሎኝ በራይን ወንዝ ዳር ያለች የጥንት ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደብድባ አብዛኛው መሐል ከተማዋ ፈርሶ ነበር፤ ታላቁ ካቴድራል ግን ቢቈስልም ሳይወድቅ ቀረ። ገብረ ክርስቶስ በደረሰ ጊዜ ጀርመኖች ገና ከተማቸውን ይሠሩ ነበር። ከመከራው በኋላ የጀርመን ሰዓሊዎች ሰውን እንደ ፎቶግራፍ መሣል አልበቃቸውም። ከጦርነቱ አስቀድሞም ቢሆን በዚያች አገር፣ የልብን ኀዘንና ደስታ በቀለም ብርታት የሚገልጹ ሰዓሊዎች ነበሩ። አንዳንዶችም የሰውንና የዛፍን መልክ ፈጽመው ትተው ቀለምና መሥመር ብቻ ይሥሉ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ሁለቱንም መንገድ ተማረ።

ከብራና ጸሓፊ ቤት የወጣ ልጅ በዚያ ሲማር ምን አሰበ? ይህን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ሳለ አገሩን እንዳልረሳ ግጥሞቹ ይመሰክራሉ። ገብረ ክርስቶስ ሰዓሊ ብቻ አልነበረም፤ ባለ ቅኔም ነበር። ከግጥሞቹ ሁሉ የታወቀው አገሬ የሚለው ነው፤ ይህን ግጥም በቃላቸው የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ዛሬም ብዙዎች ናቸው።

ትምህርቱን በመልካም ውጤት ፈጽሞ፣ ሥዕሉንም በዚያው በጀርመን አገር ለሕዝብ አሳይቶ፣ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ እርሳቸውም በአሜሪካ አገር በቺካጎ ተምረው የተመለሱ፣ አብያተ ክርስቲያናትንም በሥዕል ያስጌጡ ሰው ነበሩ። በዚያው ዘመን ስሙ የገነነ ሌላ ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነበር። አፈወርቅ በአንኮበር ተወልዶ፣ ማዕድን ሊማር ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ፣ እርሱም እንደ ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን ለውጦ ሰዓሊ የሆነ ነው። ነገር ግን የአፈወርቅን ሥዕል ያየ ሰው ሰውየውን፣ ሴቲቱን፣ መስቀሉን፣ ባንዲራውን ለይቶ ያውቃል። የገብረ ክርስቶስ ሥዕል እንዲህ አልነበረም።

በ1963 ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ብዙ ሰው መጣ፤ ብዙ ሰውም ተደነቀ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ግራ ገባው። በአንዳንዱ ሸራ ላይ ሰው ይታያል፤ ነገር ግን የሰውነቱ ልክ ረዝሟል ወይም ተጣሟል፤ ቀለሙም ከሰው ቆዳ ቀለም ጋር አይስማማም። በሌላው ሸራ ላይ ደግሞ ቀለም ብቻ ነው። ሰዎች ወደ ፊት ቀረብ፣ ወደ ኋላ ራቅ እያሉ ተመለከቱ። አንዳንዶቹ፣ ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ የኢትዮጵያ አይደለም፤ የአባቶቹን ጥበብ ትቶ የባዕድ አመጣብን ብለው ወቀሱት።

ወቀሳው ቀላል አልነበረም። ለአንድ ካህን ልጅ፣ የአባትህን ትተሃል ከመባል የሚከብድ ነቀፌታ የለም። የወቀሱትም ሰዎች ሁሉ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ለአገራቸው የሚቈረቈሩ፣ የጥንቱ ሥዕል እንዳይጠፋ የሚፈሩ ነበሩ። ፍርሃታቸውም ምክንያት ነበረው። ብዙ የውጭ ነገር በአንድ ጊዜ ወደ አገር ሲገባ የቆየው ነገር ማዕዘን ይዞ ይረሳል። ብራና የሚፍቅ ሰው በዚያ ዘመን እያነሰ ሄዶ ነበር፤ የማተሚያ መኪና ቦታውን ወስዶበታልና።

ሆኖም ነገሩን በሌላ ወገን መመልከት ይገባል። ሰው የሌለበት ሥዕል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ሰው፣ የዳዊትን መጽሐፍ ገልጦ ሐረጉን ይመልከት። ሐረጉ ምን ይመስላል? ማንንም አይመስልም። ቀለሙ ከቀለም አጠገብ በመቀመጡ፣ መሥመሩም ከመሥመር ጋር በመጠላለፉ ብቻ ያምራል። እንደዚሁም የሐረር ሴቶች በአለላ የሠሩትን ስፌት ይመልከት። በመጽሐፍ ራስ ላይና በቤት ግድግዳ ላይ የተቀበልነውን ነገር፣ በሸራ ላይ በታየ ጊዜ ስለ ምን ባዕድ እንለዋለን? እርግጥ ገብረ ክርስቶስ ይህን አሣሣል የተማረው በኮሎኝ ነው፤ ከስፌትና ከሐረግ ቀዳሁት ብሎ ለመመጻደቅ አልተነሣም። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ዓይኑ አስቀድሞ የተማረው በሐረር ነበር።

ከሥዕሎቹ አንዱን ብቻ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ስሙ ጎልጎታ ይባላል፤ በ1963 የተሣለ ነው። ጎልጎታ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ነው፤ ትርጓሜውም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው። ከላይ እንደ ተነገረው የብራና ሰዓሊዎች ስቅለትን ሲሥሉ ሁሉም ነገር በየቦታው ነው፤ እመቤታችን በቀኝ፣ ዮሐንስ በግራ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከላይ። ያን ሥዕል የሚያይ ሰው ይሰግዳል፤ ሥዕሉ ጸጥ ያለ ነውና። የገብረ ክርስቶስ ጎልጎታ ጸጥ ያለ አይደለም። ቀይ ቀለም በርትቶበታል። የሚያይ ሰው ስለ ሕማሙ ትምህርት ከመስማት ይልቅ ሕማሙን ራሱን ያያል። ቀዩ ቀለም በአባቱ እጅ ለቅዱስ ስም ብቻ የሚወጣ ቀለም ነበረ፤ በልጁ እጅ ደግሞ ደም ሆነ። ከዚህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ አያስፈልግም። አንዱ ለጸሎት ቤት ነው፤ ሁለተኛው በአደባባይ ለሚሄድ፣ ምናልባትም ጸሎት ለረሳ ሰው ነው። ነገር ግን ጎልጎታን ያየ ሰው፣ ይህ ሰዓሊ የአባቱን ሃይማኖት ረስቷል ሊል አይችልም።

ሌላም ነገር ይሥል ነበር። የአዲስ አበባን ድሆች ሰፈር ከከፍታ ላይ ሆኖ ያየ ሰው የቆርቆሮ ጣራ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ተደራርቦ ያገኛል። አንዱ አዲስና ብርማ፣ አንዱ ዝጎ ቡናማ፣ አንዱ ተጣጥፎ የተለጠፈ ነው። ሌላው ሰው ይህን አይቶ፣ እንዴት ያለ አስቀያሚ ነገር ነው ብሎ ፊቱን ያዞራል። ገብረ ክርስቶስ ጣራዎቹን ሣላቸው። በሸራው ላይ አራት ማዕዘን ከአራት ማዕዘን ጋር፣ ዝገት ከብር ጋር ተጋጥሞ ታየ። በሌላ ሸራ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ብቻ ነገሠ፤ ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ ነገር ግን ክረምት ሲወጣ የደጋው አገር ለዓይን የሚሰጠው ያ አረንጓዴ አለ። ከገጠር መጥቶ በከተማ የሚኖር ሰው በዚያ ፊት ቢቆም አገሩን ሊያስታውስ ይችላል፤ ምንም እንኳ አንድ ቅጠል ባያይበት።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብን ሽልማት ለገብረ ክርስቶስ ሰጠው። በፊተኛው ዓመት፣ በ1964፣ ያንኑ ሽልማት የተቀበለው አፈወርቅ ተክሌ ነበር። እንግዲህ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዓሊዎች ተሸለሙ። ወቀሳው ግን በሽልማት አልቆመም፤ ክርክሩም ለብዙ ዘመን ቀጠለ። እርሱ በበኩሉ ማስተማሩንና መሣሉን አልተወም። ከእርሱ የተማሩ ብዙ ወጣቶች በኋላ የታወቁ ሰዓሊዎች ሆኑ። መምህር ደቀ መዝሙሩን ሥርዓት እንደሚያስተላልፍ በአባቱ ቤት አይቶ ነበር፤ እርሱም በተራው አስተማሪ ሆነ።

በ1974 በኢትዮጵያ አብዮት ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግም መንግሥቱን ያዘ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ወንድም ወንድሙን የገደለበት ዘመን ነበር። ለሰዓሊና ለባለ ቅኔ ደግሞ፣ የሚሣለውንና የሚጻፈውን ሌላ ሰው በሚያዝዝበት አገር መኖር ጭንቅ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረ ክርስቶስ አገሩን ትቶ ወደ ኬንያ ተሰደደ። ከዚያም ወደ ተማረበት ወደ ጀርመን፣ ከጀርመንም ወደ አሜሪካ ሄደ።

ስደተኛ የሚይዘው ጥቂት ነው። ልብስ በሻንጣ ይገባል፤ ትልቅ ሸራ ግን በሻንጣ አይገባም። ስለዚህ ሥዕሎቹ እዚህና እዚያ ተበታተኑ፤ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ፣ ብዙዎቹም በጀርመን አገር ቀሩ። አባቱ የጻፉት ብራና በማኅደር ተከቶ በትከሻ ሊንጠለጠል ይችል ነበር፤ የብራና ጸሓፊዎች መጽሐፍን ከደጅ ወደ ደጅ፣ ከደብር ወደ ደብር የሚያዘዋውሩት እንዲሁ ነው። የልጁ ሥራ ግን ሰፊ ግድግዳ የሚሻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ በዚያ ጊዜ የራሱ የሚለው አንድ ግድግዳ አልነበረውም።

በ1981 ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ክፍለ አገር፣ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በወጣትነቱ ስለ አገሩ ናፍቆት የጻፈ ሰው፣ የሐረርን ግንብ ዳግመኛ ሳያይ በባዕድ አገር አረፈ።

ግጥሞቹ ከሞተ በኋላ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ስም ታተሙ። ሥዕሎቹ ግን ገና በየቦታው ነበሩ። በጀርመን አገር ያሉትን ወደ አገራቸው ለመመለስ የኢትዮጵያና የጀርመን ሰዎች ተባበሩ። ሸራዎቹ በባሕር ማዶ ከተቀመጡበት ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ2008ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ ሥዕሎቹም በዚያ ተሰቀሉ። ዛሬ ወደዚያ ቤት የሚገባ ተማሪ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ዝገት የለበሱትን ቀለሞች በግድግዳው ላይ ያገኛል፤ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በሐረር የተወለደውን የብራና ጸሓፊ ልጅ ስም ያነባል፤ ቤቱ የተሰየመው በእርሱ ስም ነውና።